የአደን ሥጋ ከኮሎራዶ ተራራ ዳላስ ድረስ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚጓዝ

የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዝርያ ነው) ሥጋ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በመንገድ ርዝመት ሳይሆን መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነው።

ግዳይ እንደጣላችሁ ሆድ ዕቃውን አውጡ፣ ቆዳውን ግፈፉ። ቅርጫ ላይ ቢላ የያዘ ሰው ይህን አያጣውም፤ ታፋው፣ ወርቹ፣ ሽንጡ ያው ነው። አከርካሪውን ግን በመጋዝ አትሰንጥቁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ዋናው ሥራ ማቀዝቀዙ ነው። ታፋው ላዩ ቀዝቅዞ አጥንቱ አጠገብ ገና ትኩስ ሊሆን ይችላል። ሥጋው መሽተት የሚጀምረውም እዚያው ዳሌው መገጣጠሚያ ላይ፣ ከውስጥ ነው፤ እስኪቆረጥ ድረስ ዓይን አያየውም። ስለዚህ ብልቱን አየር በሚያስገባ የጥጥ ከረጢት አድርጋችሁ ጥላና ነፋስ ባለበት ስቀሉት። የተራራው የጥቅምት ሌሊት ብዙ ጊዜ ውሃ ያረጋልና ያለ ወጪ ያቀዘቅዝላችኋል። አየሩ ሞቃት ከሆነ ግን ሌሊቱን አትጠብቁ፤ ታፋውን በውስጥ በኩል እስከ አጥንቱ በረጅሙ ሰንጥቃችሁ ክፈቱት፣ ወይም አጥንቱን አውጡት። የእጅ ዳሰሳ ያታልላል። የምግብ ቴርሞሜትር ጫፉ አጥንቱን እስኪነካ ከትታችሁ ከ40 ፋራናይት በታች ካላሳየ፣ ሥጋው የበረዶ ሳጥን ውስጥ አይግባ። ውዱ ሳጥን ብርዱን እንደሚይዝ ሁሉ ሙቀቱንም አፍኖ ይይዛል። ትኩስ ሥጋ በላስቲክ መጠቅለል ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው።

አጋዘንና ኤልክን አመንምኖ የሚገድል የአንጎል በሽታ አለ፤ መጀመሪያ የታየው በ1967 እ.ኤ.አ. እዚያው ኮሎራዶ ነው። በዚህ የተነሣ ዳላስ ያለችበትን ቴክሳስን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች አንጎልና አከርካሪ ያለው በድን አያስገቡም። አጥንቱ የወጣ ሥጋ ይገባል። ወደ ሰው መተላለፉ ባይረጋገጥም፣ በሽታው የተገኘበትን እንስሳ ሥጋ አትብሉ ይላሉ የጤና ባለሥልጣናት። ጭንቅላቱን ከግዛቱ ሳትወጡ ለምርመራ ስጡ፤ የየእንስሳውን ሥጋ ለየብቻ አድርጋችሁ ምልክት ጻፉበት። ኮሎራዶ እንስሳው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያሳየው የአካሉ ክፍል ከአንዱ የሥጋ ብልት ጋር ተያይዞ እንዲቆይ ታስገድዳለች፤ ስትበልቱ ቆርጣችሁ እንዳትጥሉት። የአደን ፈቃድ ካርዱም ከሥጋው አይለይ።

ለመንገዱ ከረጢት በረዶ አልመርጥም፤ ሲቀልጥ ሥጋውን ውሃ ውስጥ ያስተኛዋል። የውሃ ፕላስቲኮችን ከቤት አርግታችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢቀልጡም ውሃቸው አይፈስም፣ ሲያስፈልግም ይጠጣል። ደረቅ በረዶ ካገኛችሁ በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ከላይ አድርጉት፤ ብርዱ ወደ ታች ይወርዳል። ሳጥኑን ግን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፣ የመኪናውንም መስኮት ትንሽ ክፈቱ። የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሽታ የለውም፣ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ይገድላል። በእጃችሁም አትንኩት፤ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነውና ቆዳ ያቃጥላል።

በአውሮፕላን ለሚመለስ ሰው የሚፈቀደው ደረቅ በረዶ 2.5 ኪሎ ነው፤ ያውም አየር መንገዱ ፈቅዶ፣ ሳጥኑ አየር ማስወጫ ኖሮት። ስለዚህ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ አርግታችሁ ጫኑት።