ከሰርኪዩት ቦርድ ጋር አብሮ የሚሠራ የፒዞ ማይክሮፓምፕ

ይህ ቮልቴጅ ሲሰጠው በሚጎብጥ የፒዞ ሴራሚክ ፈሳሽ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ ነው። የሚያስፈልጉት ባለ 0.8 ሚሊሜትር ሁለት ኤፍአር-4 (የተለመደው የፋይበርግላስ) ሰርኪዩት ቦርዶች፣ 25 ማይክሮን የፖሊኢማይድ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ፊልም፣ 50 ማይክሮን ባለ ሁለት ፊት ቴፕ፣ ኢፖክሲ እና ተራ የባዘር (የድምፅ ማሰሚያ) ፒዞ ዲስክ ናቸው። ዲስኩ 27 ሚሊሜትር የናስ ሳህን፣ 20 ሚሊሜትር ሴራሚክና 20 ናኖፋራድ ገደማ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) ያለው ይሁን።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ። የዲስኩ ጠርዝ ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ስለሚጣበቅ የሚንቀሳቀሰው መሃሉ፣ 23 ሚሊሜትሩ ብቻ ነው፤ ስፋቱ 415 ካሬ ሚሊሜትር። መሃሉ 20 ማይክሮን ቢወርድ፣ ጠርዙ ስለማይወርድ የሚገፋው የስፋቱና የ20 ማይክሮኑ ብዜት ሲሶ፣ 2.8 ማይክሮሊትር ያህል ነው። የፓምፑን ክፍል በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ) 0.5 ሚሊሜትር ብትቆፍሩት 207 ማይክሮሊትር ይይዛል፤ በአንድ ምት የሚወጣው 1.4 በመቶ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ፓምፕ አንድ የአየር አረፋ ከገባችበት አረፋዋን ሲጨምቅና ሲለቅ ይውላል እንጂ ፈሳሽ አይገፋም። ስለዚህ አትቆፍሩ። 70 ማይክሮን መዳብ ያለው ቦርድ እዘዙና መሃሉን 23 ሚሊሜትር ክብ አድርጋችሁ መዳቡን በኤቺንግ (በኬሚካል በማሟሟት) አስወግዱ። ዙሪያውን የቀረው የመዳብ ቀለበት ዲስኩ በናሱ ፊት የሚጣበቅበት ግድግዳ ይሆናል፣ ክፍሉም 29 ማይክሮሊትር ብቻ ይይዛል። ቦርዱ የወርቅ ቅብ ይኑረው፤ በቆርቆሮ የተነከረ ገጽ ወጣ ገባ ስለሆነ ያፈሳል።

ቫልቮቹ በሁለቱ ቦርዶች መካከል ያለው ፊልም ላይ በሌዘር የሚቆረጡ 2 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ምላሶች ናቸው። በመግቢያው በኩል የታችኛው ቦርድ ቀዳዳ 0.8፣ የላይኛው 2.5 ሚሊሜትር ይሁን፤ በመውጫው በኩል ግልባጩ። ሁለቱ በክፍሉ ተቃራኒ ጠርዞች ላይ ይቀመጡ፤ አለዚያ አረፋ ጥግ ይዞ ይቀራል። ብዙ ፓምፕ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፊልሙን የሚይዘው ቴፕ 50 ማይክሮን ውፍረት ስላለው፣ ምላሱ ከቀዳዳው በላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና ጨርሶ አይዘጋም። መፍትሔው በትንሹ ቀዳዳ ዙሪያ 1.6 ሚሊሜትር የመዳብ ቀለበት መተው ነው። 70 ማይክሮኑ መዳብ ከቴፑ በ20 ማይክሮን ስለሚበልጥ ምላሱን ገፋ አድርጎ ይይዘዋል። የቴፑን ቀዳዳ 3 ሚሊሜትር አድርጉ፣ ምላሱን እንዳይነካ።

ዲስኩን ከማጣበቃችሁ በፊት ዋልታውን (ፖዘቲቭ የሚሆነው የትኛው ፊት እንደሆነ) እወቁ። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታችሁ በፕላስቲክ ዘንግ ስትጫኑት ከናሱ አንጻር ሴራሚኩ ላይ ፖዘቲቭ ቮልቴጅ ብቅ ካለ፣ ከፍተኛውን ፖዘቲቭ ቮልቴጅ የሚቀበለው ያ ፊት ነው። ሽቦውን በሴራሚኩ ጠርዝ በኩል፣ ካውያውን ከሁለት ሰከንድ በላይ ሳታቆዩ በይዱ፤ ሙቀት ሴራሚኩን ዋልታ ያሳጣዋል። ናሱ ፈሳሹን ስለሚነካ ሁልጊዜ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ይሁን።

ወፍራም፣ በክፍል ሙቀት የሚደርቅ ኢፖክሲ ተጠቀሙ። ቀጭኑ በ70 ማይክሮኑ ስንጥቅ ውስጥ ተስቦ ክፍሉን ይሞላዋል። ለጥንቃቄ ከቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ 0.5 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ራቅ ብሎ መዳቡ ላይ 0.3 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ቦይ በኤቺንግ ይውጣ፤ ኢፖክሲውን ከቦዩ ውጭ ብቻ ቀቡና ግማሽ ኪሎ ጫኑበት። የ20 ማይክሮን ትርፍ ማጣበቂያ ክፍሉን በ8 ማይክሮሊትር ያሰፋዋል፤ ክብደቱን ችላ የማይሉት ለዚህ ነው። ሲደርቅ ካፓሲታንሱን እንደገና ለኩ። ከቀነሰ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል ማለት ነው።

ሴራሚኩን ከ+100 እስከ −30 ቮልት ባለው ክልል አሽከርክሩት፤ በአሉታዊው በኩል መብዛቱ ዋልታውን ይሽራል። ፖዘቲቩ ዲስኩን ወደታች ያጎብጠዋል፣ ያ የመግፊያው ምት ነው። በተከታታይ 10 ኪሎኦም ማዕበሉን ያለሰልሳል፣ በትይዩ 1 ሜጋኦም ደግሞ ሲጠፋ የቀረውን ቻርጅ ያፈስሳል፤ ያለሱ ዲስኩ እጅ ይመታል።

ክፍሉን መጀመሪያ በኤታኖል ሙሉ፣ ውሃ የማይደፍረው ጥግ ሁሉ ይረጥባል፤ ወዲያው አየሩ በወጣለት ውሃ ተኩት፣ ኤታኖል የቴፑን ሙጫ ያላላልና። በ20 ኸርዝ ጀምሩ። በደቂቃ 3.3 ሚሊሊትር ገደማ የሒሳቡ ጣሪያ ነው፣ በተግባር ከዚያ ያንሳል። ድግግሞሹን ስትጨምሩ ፍሰቱ ከወረደ ምላሱ ለመዝጋት ጊዜ እያጠረው ነው፤ ወደኋላ መልሱት። ከመጀመሪያው ጭራሽ የማይፈስ ከሆነና ዲስኩ ግን ድምፅ ካለው፣ በ2.5 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ በኩል በማጉያ መነጽር ተመልከቱ፦ ምላሱ ጫፍ ላይ የሌዘር ጥላሸት ወይም የቴፕ ሙጫ ክር ታገኛላችሁ። የጨው ውሃ የምታንቀሳቅሱ ከሆነ መዳቡና ናሱ ከመገጣጠማቸው በፊት በጥቂት ማይክሮን ፓሪሊን (መከላከያ የፕላስቲክ ሽፋን) ይሸፈኑ።