ለካያክ (ጠባብና ቀላል ጀልባ) ቀዘፋ ውሃ የማያስገባ ልብስ እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚያዝ

ከሁሉ በፊት እጅዎን ውሃው ውስጥ ይንከሩ። ፀሐይዋ ብታቃጥልም ውሃው በረዶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ልብስዎን በውሃው ቅዝቃዜ ልክ ይምረጡ።

ውሃው ሞቅ ያለ ሆኖ የሚያስቸግርዎት ፍንጣቂው ብቻ ከሆነ ቀላል ጃኬት ይበቃል። ከቀዘቀዘ ግን ድራይ ሱት የሚባለው ሙሉ ልብስ ያስፈልጋል። አንገቱና የእጅ አንጓው ላይ ጥብቅ የላቴክስ ጎማ አለው። ልብሱ ውሃ ይከለክላል እንጂ አያሞቅም፤ የሚያሞቀው ከሥሩ የሚለበሰው ሱፍ ወይም ፖሊስተር ነው። ጥጥ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ይተዉት።

ሲለኩት የውስጥ ልብስዎን ሁሉ እንደለበሱ ይሁን። ቁጢጥ ይበሉ፤ እጅዎን ዘርግተው እንደሚቀዝፍ ሰው ያወዛውዙ። ትከሻዎን ከያዘዎት ሰፋ ያለውን ይውሰዱ። አዲስ የአንገት ጎማ ካነቀዎት መቀስ ለማንሳት አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ድስት ላይ ወጥረው ያሳድሩት።

ከመቅዘፍዎ በፊት ዚፑን እስከ ጫፉ ይዝጉ። እኔ አንድ ቀን ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ሳላይ ገባሁ። ካያኩ ሲገለበጥ ቀዝቃዛው ውሃ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ሁለቱን እግሮቼን ሞላቸው፤ ዳር ደርሼ መቆም እንኳ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህ ጓደኛዬ በጣቱ ዳስሶ ሳያረጋግጥልኝ አልነሳም። ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ቁጢጥ ብለው የአንገቱን ጎማ ከፈት በማድረግ የታመቀውን አየር ያስወጡ፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎንም ከላይ ይልበሱ።

ሲመለሱ ልብሱን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ፤ ከባሕር ከወጡ በተለይ አያሳድሩት፣ ጨው ዚፑን ይበላል። ገልብጠው ጥላ ውስጥ ያድርቁት። ላቴክሱን የሚጎዱት ፀሐይ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ማንኛውም ዘይት ናቸው። ጎማውን በጣቶችዎ ሳብ አድርገው ይዩት፦ ከተጣበቀ ወይም ቀጫጭን ስንጥቆች ካሳየ ሳይቀደድ ያስቀይሩት።

የብረት ዚፕ ሰም፣ የፕላስቲክ ዚፕ ደግሞ ጫፉ ላይ ጥቂት የሲልከን ቅባት ይፈልጋል። በረኪናና የልብስ ማለስለሻ አያስጠጉት። ውሃ ጨርቁ ላይ እንደ ዶቃ መንከባለሉን ትቶ መስረግ ከጀመረ ለዚሁ በተሠራ ሳሙና ይጠቡትና ውሃ አባራሪ ይርጩበት።

የሚያስገባበት ቦታ ከጠፋዎት አንገቱንና እጅጌውን አስረው አየር ይሙሉት፤ የሳሙና ውሃ ሲቀቡት ቀዳዳው አረፋ ያወጣል። ሲያስቀምጡት ዚፑን ከፍተው፣ ሳያጣጥፉ በሰፊ መስቀያ ይስቀሉት።