ኤስዲአራችሁ ጣቢያ አልይዝ ሲላችሁ

አንድ ማታ አዳማ ላይ ሰፈራችን ሙሉ መብራት ጠፋ። ላፕቶፔ በባትሪ እየሰራ ነበር፣ እኔም በኤስዲአሬ፣ ማለትም በኮምፒውተር ሶፍትዌር በሚሰራው ሬዲዮዬ፣ 7 ሜጋኸርዝ ላይ ነበርኩ። ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚፈሰው ባለቀለም ምስል፣ ዎተርፎሉ፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ቢጫ በቢጫ ሆኖ ነበር የከረመው። መብራቱ ሲሄድ ወዲያው ጥቁር ሰማያዊ ሆነ። ከዛ ቀጫጭን መስመሮች ብቅ ብቅ አሉ። አንዱን ስጫነው ሰው ያወራል! ዶንግሉ (ላፕቶፑ ላይ የሚሰካው ትንሹ መቀበያ) ያው፣ አንቴናው ያው፣ ጌይኑም (የማጉያው መጠን) ያው ነው።

ሶስት ሳምንት ያለ ጥፋቱ ዶንግሉን ስወቅስ ከርሜአለሁ። ከዛ ቀን ወዲህ ሰው "ኤስዲአሬ ደከመ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ጩኸት ነው።

ባንዱ (የሞገድ ክልሉ) ሙሉ ሲያፏጭ ወይም እዝዝ ሲል

መንስኤው ብዙ ጊዜ እቤታችሁ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ ኤልኢዲ አምፖል፣ የላፕቶፑ የራሱ ቻርጀር፣ የሶላር ኢንቨርተር፤ ሁሉም ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እየቆራረጡ ስለሚሰሩ በአጭር ሞገድ ላይ ጩኸት ይረጫሉ።

መብራት እስኪጠፋ አትጠብቁ። ላፕቶፑን በባትሪ አድርጉና ብሬከሩን ራሳችሁ አውርዱት። ጩኸቱ ከወረደ ጥፋተኛው እናንተ ጋ ነው። መልሱትና አንድ በአንድ ሰክታችሁ ዎተርፎሉን እዩ። የእኔ ጥፋተኛ የኮሪደሩ አምፖል ሆኖ ተገኘ። ሳበራው በየተወሰነ ርቀት የተደረደሩ ወፍራም መስመሮች ይመጣሉ፣ ሳጠፋው ይጠፋሉ። በሌላ ቀየርኩት፣ አለቀ።

ብሬከሩ ወርዶም ጩኸቱ ካለ ከጎረቤት ወይም ከመስመሩ ነው የሚመጣው። ያኔ አንቴናውን ከቤትና ከኤሌክትሪክ ገመድ ማራቅ ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ጠ-ጠ-ጠ የሚል ካለ ደግሞ የሞተሩ ብልጭታ ነው። ያልፋል፣ ተዉት።

ዶንግሉን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ አትሰኩት። አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ አድርጉለት፣ ከተገኘም ገመዱን ጩኸት በሚያፍን የፌራይት ቀለበት ውስጥ ሁለት ሶስት ጊዜ አዙሩት። ላፕቶፕ ራሱ ጩኸታም ነው።

ጌይኑን ስትጨምሩ ሲብስበት

ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጣቢያው ሲደክም ጌይኑን ጥግ እናደርሰዋለን። የነዚህ ርካሽ ዶንግሎች ዲጂታል መቀየሪያ ግን 8 ቢት ብቻ ነው። አንድ ኃይለኛ የኤፍኤም ጣቢያ ከገባ ሙሉውን ቦታ ይይዝበታል፣ ደካማው ይዋጣል። 145 ሜጋኸርዝ አካባቢ ሙዚቃ ከሰማችሁ ጥርጥር የለውም፣ ዶንግሉ ተጨናንቋል።

አውቶማቲክ ጌይኑን አጥፉ። ከዜሮ ጀምራችሁ ደረጃ በደረጃ ጨምሩ። ጣቢያው ሳይጎላ ጩኸቱ ብቻ መነሳት ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱት። በቂ ካልሆነ ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚቆርጥ ፊልተር አንቴናው መግቢያ ላይ አድርጉ።

ከ24 ሜጋኸርዝ በታች ምንም ከሌለ

ብዙ ዶንግሎች ውስጥ ያለው አር820ቲ2 የሚባለው መቃኛ ቺፕ የሚጀምረው 24 አካባቢ ነው። ዶንግላችሁ አርቲኤል-ኤስዲአር ቪ3 ከሆነ ሶፍትዌሩ ላይ ዳይሬክት ሳምፕሊንግ (መቃኛ ቺፑን ዘሎ በቀጥታ መቀበል)፣ የኪው ቅርንጫፍ የሚለውን ምረጡ። በዚህ ሁነታ የጌይን መቆጣጠሪያው ምንም አይሰራም፣ አትድከሙ። ቪ4 ግን የራሱ የፍሪኩዌንሲ መቀየሪያ ውስጡ ስላለው ይህን አይፈልግም። የሚፈልገው አዲሱን ድራይቨር ነው። በድሮው ድራይቨር የተበላሸ ይመስላል። የእኔም ቪ4 የመጀመሪያው ሳምንት እንደዛ ነበር።

ድምፁ እንደ ዳክዬ ከሆነ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ኤልኤስቢ (የታችኛው ጎን)፣ ከዛ በላይ ዩኤስቢ (የላይኛው ጎን፣ ከገመዱ ዩኤስቢ ጋር አይገናኝም) የሚለውን ሞድ ምረጡ።

አንቴናው

ከዶንግሉ ጋር የመጣችውን ትንሽ አንቴና ቆርቆሮ ጣሪያ ስር መስኮት ላይ ማቆም አጭር ሞገድ ላይ አያዋጣም። ቆርቆሮው ራሱ ጋሻ ነው። ግቢ ውስጥ ሽቦ ዘርጉ። ርዝመቱን ለማወቅ 142.5ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ፣ ሜትር ይሰጣችኋል። ለ14.2 ወደ 10 ሜትር ይመጣል፣ መሃል ላይ ቆርጣችሁ በየጎኑ 5 ሜትር። ለ7.1 እጥፍ ነው።

ለማውረጃ የዲሽ ገመድ ይበቃል። 75 ኦም መሆኑ ለመስማት አያስጨንቅም። ከኤሌክትሪክ መስመር ግን ራቁ፣ ክረምት ላይ መብረቅ ሲያሰጋም ነቅላችሁ ውጭ ተዉት።

የአዳማን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰሞን ጣቢያው ይመጣል፣ ይሄዳል። የሞገድ ጠባይ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። በኋላ ልብ ብዬ ሳየው የሚሄደው ነፋስ ሲነፍስ ነው። ወጥቼ ማያያዣውን ስፈታው የገመዱ መሃል ያለው መዳብ ተቆርጦ ጫፉ ብቻ ይነካካል፣ ዙሪያው በአቧራ ተለብጧል። ቆርጬ እንደገና ገጠምኩት፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ ገመዱን ከምሰሶው ጋር አሰርኩት። አሁን ክብደቱን የሚሸከመው ምሰሶው ነው።

ሁሉም ደህና ሆኖ ዝም ካለ

ሰዓቱን እዩ። ቀን ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው ዝቅተኛው የከባቢ አየር ንብርብር 7 ሜጋኸርዝን ይውጠዋል፣ የሩቁ የሚሰማው ከጨለመ በኋላ ነው። 14 ሜጋኸርዝ በተቃራኒው የቀን ነው።

መሻሻሉን ለመለካት ወደ 14.100 ሜጋኸርዝ ሂዱ፣ ሞዱን ሲደብሊው (የሞርስ ኮድ) አድርጉ። በዓለም ዙሪያ የተተከሉ 18 ቢኮኖች (የሙከራ ምልክት የሚልኩ ማሰራጫዎች) በየ3 ደቂቃው ተራ በተራ፣ እያንዳንዳቸው 10 ሰከንድ፣ እዛ ላይ ይልካሉ። የኬንያው 5ዜድ4ቢ፣ የእስራኤሉ 4ኤክስ6ቲዩ እና የደቡብ አፍሪካው ዜድኤስ6ዲኤን ከነሱ ውስጥ ናቸው። አንዳንዱ ለጥገና ሊጠፋ ስለሚችል በአንዱ ብቻ አትፍረዱ። መለያ ስሙን ልኮ አራት ረጃጅም ድምፅ ያሰማል፦ በ100 ዋት፣ በ10፣ በ1፣ በ0.1።

ከእያንዳንዱ ጥገና በፊትና በኋላ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ስንተኛው ድረስ እንደሰማችሁ ጻፉ። እኔ አምፖሉን ሳልቀይር የምሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ከቀየርኩት በኋላ ሶስተኛው፣ ባለ 1 ዋቱ፣ ቀጭን ሆኖ ተሰማ።