በነጻ የመጣ ሁሉ ነጻ አይደለም፦ ሱቄ ውስጥ በየቀኑ የማያቸው የሶፍትዌር ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ላፕቶፑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ ነጻ ሶፍትዌር ጫንልኝ፤ ክራኩ ያለው» አለኝ። ክራክ ማለት የሚሸጥን ሶፍትዌር ሳይከፍሉ ለመጠቀም ቁልፉን የሚሰብር ፋይል ነው። ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለችው ሱቄ ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት! ዛሬ ከነዘመዶቻቸው ልዘርዝራቸው።

«በነጻ» እና «ነጻ» አንድ ናቸው ማለት

የሁሉም እናት ይህች ናት። በአማርኛችን የምትለያቸው አንዲት «በ» ብቻ ስለሆነች ሰው ቢሳሳት አልፈርድም፤ አስረድቼው ተመልሶ ሲመጣ ነው ደሜ የሚፈላው። «በነጻ» የኪስ ጉዳይ ነው፤ «ነጻ» የመብት። ጎረቤቴ ቡና ጠጣ ብሎ ሲጠራኝ በነጻ እጠጣለሁ። ከዚያ ስኒዬን አስቀምጬ መሄድ ነው፤ የተቆላ ቡና ደግሞ ቢዘሩት አይበቅልም። ችግኝ ከሰጠኝ ግን ጓሮዬ እተክላለሁ፣ አባዛለሁ፣ ለእህቴ አካፍላለሁ፣ ፍሬውን ብሸጥም ማንም አይጠይቀኝም። ተቆልቶ የቀረበልን ቡና ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው ፋይል ነው፤ ችግኙ ሶርስ ኮዱ ነው፤ ፕሮግራመሩ የጻፈው፣ ሊነበብና ሊለወጥ የሚችለው ጽሑፍ ማለት ነው።

አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፕሮጀክት ሲያውጅ የፈለገው ችግኙን ነበር። የነጻ ሶፍትዌር መብቶች አራት ናቸው፦ ለፈለጉት ዓላማ ማስኬድ፣ አሠራሩን መርምሮ መለወጥ፣ ቅጂውን ለሌላ መስጠት፣ የለወጡትንም ማሰራጨት። አንዷ ከጎደለች ነጻ አይባልም። ጉግል ክሮም ሳንቲም አይጠይቅም፤ ፕሮፕራይታሪ ግን ነው፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነው፣ የተፈቀደልን መጠቀም ብቻ። ፋየርፎክስም ሳንቲም አይጠይቅም፤ እሱ ግን ነጻ ነው። ሁለቱ ዴስክቶፓችሁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ በዋጋ እኩል ናቸው፣ በመብት ግን አይገናኙም።

ነጻ ሶፍትዌር አይሸጥም ማለት

አንድ ጊዜ ዴቢያን ሊኑክስ የተባለው፣ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ በ300 ብር ስሸጥ አንድ ጎበዝ ተማሪ ደንበኛ ፊት «ይህማ ሌብነት ነው» ብሎ አዋረደኝ። ፈቃዱን አንብቦ ቢሆን አፉን ይይዝ ነበር። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም እምብርቱ፣ የሚሰራጭበት ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ መሸጥን አይከለክልም፤ የሚጠይቀው ለገዢው ሶርስ ኮዱንም መብቱንም እንድታስተላልፍ ነው። ሬድ ሃት በዚህ መንገድ ድጋፍና አገልግሎት እየሸጠ ያደገ ኩባንያ ነው፤ ግዙፉ የኮምፒውተር ኩባንያ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው።

እንግዲህ «የንግድ ሶፍትዌር» የ«ነጻ» ተቃራኒ አይደለም። ተቃራኒው ፕሮፕራይታሪ ነው። የንግድ ማለት ለገቢ ተብሎ የተሠራ ማለት ነው፤ ነጻውም ፕሮፕራይታሪውም የንግድ ሊሆን ይችላል። ይህን ለመያዝ እኔም ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛልና አይዟችሁ።

ክራክ

በጀመርኩበት ሰሞን ዊንዶውስ በክራክ እየጫንኩ የሱቄ በር ላይ «ኦሪጅናል እንጭናለን» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ደንበኛው የእጄን ዋጋ ከፍሎ ዊንዶውስ የገዛ እየመሰለው ይሄዳል፤ እኔም ዝም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምንም እንደሚጠብቅ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ወረቀቱን ያስቀደደኝ ግን አዋጁ ሳይሆን አንድ ቡና ነጋዴ ሐጂ ናቸው። «ልጄ፣ ፋይሎቼ ስማቸው ተለውጧል» ብለው መጡ። ልጃቸው ያወረደው የሒሳብ ሶፍትዌር ክራክ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል፤ አጠፋ። የዚያ ዓመት የቡና ግዢ መዝገብ በሙሉ ተቆልፎ፣ ለመክፈቻው ዶላር ይጠየቃል። ባክአፕ የለም። ከእጅ ደረሰኝ እየለቀምን መልሰን ስንጽፍ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሐጂ አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ሳያነቡ «ተስማምቻለሁ» ማለት

ሌላው ቢቀር ሶፍትዌር ስትጭኑ በሚመጣው የፈቃድ ውል ውስጥ «ለግል አገልግሎት ብቻ» የሚል መኖሩን ፈልጉ። ቤት ውስጥ በነጻ የተፈቀደው ቢሮ ሲገባ ሊያስከፍል ይችላል።

ኮዱ ስለታየ ነጻ ነው ማለት

አይደለም። ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድ የጸሐፊው ነው። ደግሞም ግማሹ ክፍት፣ ግማሹ ዝግ የሆነ አለ፤ የቴሌግራም አፕ ኮዱ ክፍት ነው፣ የሰርቨሩ ግን አይደለም።

አሠርቶ ኮዱን ሳይቀበሉ መቅረት

አንድ የሕንጻ መሣሪያ ነጋዴ ደህና ገንዘብ ከፍለው የሽያጭ ፕሮግራም አሠሩ። ውል የለም፤ «ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» መባባል ብቻ። የሠራው ልጅ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ ስልኩንም ቀየረ። ጋሼ እጅ የቀረው የተቆላው ቡና ነው።

ስታሠሩ ሶርስ ኮዱ፣ የዳታቤዙ ፓስወርድ፣ ሌላ ባለሙያ እንዲለውጠው መፈቀዱ በውሉ ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ኮዱን ሳትረከቡ አትልቀቁ፤ ስትረከቡም የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ይየው፤ ባዶ ፍላሽ ተረክቦ የመጣም አጋጥሞኛል።

የጋሼ ፕሮግራም የአንዱን ዕቃ ዋጋ ከአራት አኃዝ በላይ አይቀበልም፤ ሲሠራ ዕቃው ርካሽ ነበር። ኮዱ ቢኖር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አሁን አንድ ትልቅ የውኃ ታንከር በሸጡ ቁጥር «ግማሽ ታንከር፣ ግማሽ ታንከር» ብለው ሁለት ጊዜ ያስገባሉ።