ክሬዲት በፈተና እየሰበሰባችሁ ኮሌጅ መቼ ትመዘገባላችሁ?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ። የሌሊት ፈረቃ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ መኪና ብዙም አይመጣም። ያኔ በዚያች ጠባብ የመስታወት ክፍል ውስጥ ስልኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያጠናል። እንዲህ እያለ በአራት ወር ውስጥ ሦስት የክሌፕ ፈተና አለፈ፤ ክሌፕ ኮርሱን ክፍል ገብቶ ሳይማሩ የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ለዲግሪ የሚቆጠር የትምህርት መለኪያ፣ የሚያስገኝ ፈተና ነው። ከዚያ ነርሲንግ ሊማር አንድ ኮሌጅ ገባ። ከሦስቱ የተያዘለት ግን አንዱ ብቻ ነበር። ሁለቱ ለነርሲንግ አያስፈልጉም ተባለ። ያ ሁሉ እንቅልፍ አልባ ሌሊት በጣም አሳዘነኝ።

ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ኮሌጅ መምረጥና ኮሌጅ መመዝገብ ለየቅል ናቸው። መምረጡ ከመጀመሪያው ፈተና በፊት መምጣት አለበት። መመዝገቡ ግን ለብዙ ሠራተኛ ሰው ቢቆይ ይሻላል።

ስለ ክሌፕ ባጭሩ ልጨምር። ኮሌጅ ቦርድ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ፈተና ነው፤ ከ1967 ጀምሮ አለ። በ34 የትምህርት ዓይነቶች ይሰጣል። አብዛኛው 90 ደቂቃ ይፈጃል። ውጤቱ ከ20 እስከ 80 ሲሆን 50 ያመጣ ሰው በብዙ ኮሌጆች ቢያንስ 3 ክሬዲት ያገኛል። የአንዱ ፈተና ክፍያ 100 ዶላር ገደማ ነው፤ የፈተና ጣቢያውም የራሱን ሊጨምር ይችላል። ሞደርን ስቴትስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ኮርሱን በነጻ ተምራችሁ ከጨረሳችሁ ግን ክፍያውን የሚሸፍን ቫውቸር ይሰጣችኋል። የባችለር ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ስለሚጠይቅ አንድ ፈተና ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ፦ ኮሌጁን ምረጡና ጠይቁ

የእያንዳንዱ ኮሌጅ ደንብ የተለያየ ነው። ጎረቤታችሁ የተያዘለት ክሬዲት ለእናንተ ላይያዝ ይችላል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ትምህርት የሚሰጡ ሁለት ወይም ሦስት ኮሌጆች ምረጡ። ለሬጅስትራር ቢሮአቸው ኢሜይል ላኩ። በስልክ የተነገረ ነገር በኋላ ማስረጃ ስለማይሆን መልሱን በጽሑፍ አግኙ።

ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። በፈተና የተገኘ ክሬዲት እስከ ስንት ትቀበላላችሁ? ስንት ማምጣት አለብኝ? ፈተናው የሚተካው የትኛውን ኮርስ ነው፣ ወይስ እንደ ተመራጭ ኮርስ ብቻ ነው የሚቆጠረው? ከተመዘገብኩ በኋላ መፈተን እችላለሁ? እዚሁ እናንተ ጋ መማር ያለብኝ ክሬዲት ስንት ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትረሱ። 30 ክሬዲት እዚሁ ካልተማርክ የሚል ኮሌጅ ብዙ ነው።

ለሠራተኛ ሰው ታስበው የተቋቋሙም አሉ። የኒው ጀርሲው ቶማስ ኤዲሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ የኒው ዮርኩ ኤክሴልሲየር ዩኒቨርሲቲና የኮኔቲከቱ ቻርተር ኦክ ስቴት ኮሌጅ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተመሠረቱ ናቸው። ከሌላ ቦታ የመጣ ክሬዲት በመቀበል ይታወቃሉ። ዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቧቸው።

ቀጥሎ፦ የአገር ቤቱን ትራንስክሪፕት አስገምግሙ

ኢትዮጵያ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ የተማራችሁ ካላችሁ ይህ ከፈተናው ይቀድማል። ውጤታችሁን ዌስን በመሰለ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሙ፤ የትኛውን እንደሚቀበል ኮሌጁን ጠይቁ። እዚያ የወሰዳችሁት ሂሳብ ከተያዘላችሁ በክሌፕ ሂሳብ መፈተን ትርፉ ድካም ነው። ለአንድ ዓይነት ኮርስ ሁለት ጊዜ ክሬዲት አይሰጥም።

ከዚያ የዲግሪውን ኮርሶች በሙሉ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። ያላችሁን ሰርዙ። በፈተና ሊያዝ የሚችለውን አክብቡ። ወዳጄ አሁን እንዲህ ያለ ወረቀት የመስታወት ክፍሉ ላይ ለጥፏል። ሥነ ልቦናው ተሰርዟል፤ ሶሲዮሎጂው ተከቧል። የሰውነት ክፍሎች ጥናት ግን ባዶ ነው፤ በክሌፕ አይገኝም። ነርሲንግ ለምታስቡ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ።

አማርኛችንም ዋጋ እንዳለው ልንገራችሁ። ክሌፕ የአማርኛ ፈተና የለውም። አክትፍል የሚባለው ድርጅት ግን በቃለ መጠይቅ የሚሰጥ የአማርኛ ችሎታ ፈተና አለው፤ በእሱ ክሬዲት የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ። የውጭ ቋንቋ የሚጠይቅ ዲግሪ ከሆነ ለሬጅስትራሩ ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁ።

አሁን፦ ልቆይ ወይስ ልመዝገብ?

የማቆየት ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሳትመዘገቡ በምትቆዩበት ጊዜ የኮሌጅ ክፍያ አይቆጥርባችሁም። በራሳችሁ ፍጥነት ታጠናላችሁ። በፈተና ሊያዝ የሚችለው አልቆ የቀረው ኮሌጁ ብቻ የሚሰጠው ሲሆን ያኔ ትገባላችሁ። የሙሉ ቀን ሥራ ላለውና ልጅ ለሚያሳድግ ሰው እኔ የምመክረው ይህን ነው።

ማቆየት የማይሆንላቸው ግን አሉ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በሙሉ ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ ይህም በባችለር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ በሴሚስተር 12 ክሬዲት ነው። ፈተና ማለፍ ይህን አይተካም። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ የሚያስፈልገውም እንዲሁ፤ ገንዘቡ የሚሰላው በተመዘገባችሁበት ኮርስ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ብዙ ኮርስ በፈተና ከጨረሳችሁ ሴሚስተሩን የሚሞላ ለዲግሪው የሚያስፈልግ ኮርስ ሊጠፋ ይችላል፤ ያኔ እርዳታው ይቀንሳል። ስለዚህ ከፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጋር ሳትነጋገሩ ፈተና አታብዙ።

ሃይስኩል ለሚጨርሱ ልጆቻችሁ ደግሞ ፈተናው ጥሩ ነው። በፈተና የተገኘ ክሬዲት አብዛኛውን ጊዜ አዲስ ገቢ ተማሪ ከመባል አያስወጣቸውም። ሃይስኩል ጨርሰው አንድ ሴሚስተር ሌላ ኮሌጅ ከተማሩ ግን እንደ ተዛዋሪ ተማሪ ሊቆጠሩና ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ሊያመልጣቸው ይችላል።

አንድ ስጋት አለ፤ ስትቆዩ ኮሌጁ የዲግሪውን ኮርሶች ሊቀይር ይችላል። አብዛኛው ኮሌጅ የሚያስመርቃችሁ በተመዘገባችሁበት ዓመት ካታሎግ፣ ማለትም የኮርሶች ዝርዝር መጽሐፍ፣ ነው። ስለዚህ በየሴሚስተሩ ካታሎጉን ክፈቱና ከወረቀታችሁ ጋር አስተያዩ። የሚቀየር ነገር እንዳለ ከሰማችሁና ወረቀታችሁ ግማሹ ከተሰረዘ፣ ቶሎ ተመዝገቡ።

ቀኑን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ክሌፕ የወደቀ ሰው ያንኑ ፈተና ለመድገም 3 ወር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻ ለሚጀምር ሴሚስተር የመጨረሻው ፈተና እስከ ሜይ መጀመሪያ ይለቅ። ለፈተናው ስትመዘገቡ ውጤቱ የሚላክለትን ኮሌጅ ምረጡ፤ ያኔ በነጻ ይላካል፣ ቆይታችሁ ስታስልኩ ግን ያስከፍላል። ከላካችሁ በኋላ ሬጅስትራሩን ደርሷችኋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ክሬዲቱ በስማችሁ መመዝገቡን በዓይናችሁ ሳታዩ ያንኑ ኮርስ ለሴሚስተሩ አትያዙ።