ኦሞራቴ ሄዳችሁ ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ

ኦሞራቴ በደቡብ ኦሞ፣ ኬንያ ድንበር አጠገብ፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አብዛኛው ሰው የሚያያት በሩጫ ነው። ጠዋት ከቱርሚ ይነሳል፣ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነዳል፣ ወንዙን በታንኳ ይሻገራል፣ ከብት አርቢዎቹ ዳሰነቾች መንደር ውስጥ ግማሽ ሰዓት ፎቶ ሲያነሳ ቆይቶ ለምሳ ቱርሚ ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ እንደዚሁ ነው ያደረግኩት። ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ሳገላብጥ ግን ወንዙ አንዱም ላይ የለም! ሰዎቹ እዚያ የሰፈሩት በወንዙ ምክንያት ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱና ኦሞን እስከ ቱርካና ሐይቅ ድረስ ተከተሉት። መጨረሻው ላይ እንደ ወፍ እግር ይከፋፈላል። ዴልታው ያ ነው። ወንዙ ከደጋው ጀምሮ 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ተሸክሞት የመጣውን አፈር የሚያራግፈው እዚያ ነው፣ ሐይቁም ከሚገባለት ውሃ ከአምስት እጁ አራቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከኦሞ ነው።

መቼ ልሂድ? እኔ ከኅዳር እስከ ጥር እላለሁ። እዚያ ቆላ ውስጥ ዝናብ ብርቅ ነው፣ ወንዙን የሚሞላው የደጋው ክረምት ነው። ነሐሴና መስከረም ይሞላል፣ ከዚያ ሲሸሽ ጥቁር ጭቃ ጥሎ ይሄዳል። ዳሰነቾች ማሽላቸውን የሚዘሩት እዚያ እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ላይኛው ኦሞ ላይ የተሠራው የጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ግን ሙላቱ እንደ ድሮው በራሱ ሰዓት አይመጣም። በዚያ ላይ በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ከፍ ብሎ ግጦሹንም መንደሩንም ውጦ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል። በ1998 ክረምት የመጣው ጎርፍም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገድሏል። እና ወደዚያ ደውላችሁ ሁኔታውን ሳትጠይቁ አትሂዱ። አምና ያያችሁት መንገድ ዘንድሮ ውሃ ሊሆን ይችላል።

ጂንካ ስትደርሱ ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ ምርምር ማዕከልና ሙዚየም ግቡ። አንድ ሰዓት ይበቃችኋል። የማንን ዕቃ፣ የማንን ጌጥ እያያችሁ እንደሆነ ሳታውቁ ከወረዳችሁ ሁሉም አንድ ይመስላችኋል። አንድ አይደሉም። ዳሰነችኛ ኩሻዊ ቋንቋ ነው፣ ሐመርኛ ኦሟዊ፣ ኛንጋቶምኛ ደግሞ የናይሎቶች ወገን። ጎረቤታሞች ሆነው ቋንቋቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ደግሞ አደራ፣ ዳሰነቾችን በድሮው ስም «ገለብ» እንዳትሏቸው። አይወዱትም።

አስጎብኚ ከዚያው ከኦሞራቴ ያዙ። የፎቶውን ክፍያ እሱ አስቀድሞ ይነጋገርላችሁ፣ አለበለዚያ በየፎቶው ጭቅጭቅ ነው። ለእኔ የሚሻለው ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ትቶ መጀመሪያ ቁጭ ማለት ነው። የተፈላ የቡና ገለባ በቅል ከቀረበላችሁ ጠጡ።

ታንኳው አንድ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፣ ዳሌው ሰፋ ያለ ሰው ይጨንቀዋል። አንድ እግር መሃል ላይ፣ ወዲያው ቁጭ፣ ሁለት እጅ ጠርዙ ላይ። ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ አይጠፋም፤ ስልካችሁን የኋላ ኪስ ውስጥ አታድርጉ፣ የእኔ እንደዚያ ነው የሞተው። ቀዛፊው በቀጥታ አይሻገርም። መጀመሪያ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ መሃል ሲገባ ወንዙ ራሱ ወደ ታች እየገፋ ማዶ ያደርሰዋል። ውሃው ወተት የበዛበት ማኪያቶ ይመስላል። እጃችሁን አትንከሩ፣ አዞ አለ።

መንደሩ ውስጥ ቤቶቹን ልብ በሉ። በጭራሮ የተዋቀሩ ጎባጣ ጎጆዎች ናቸው፣ ላያቸው ቆዳና ሳር ነበር፣ አሁን ቆርቆሮውም ጆንያውም ተደርቦበታል። የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፣ ውሃው ሲመጣም ሆነ ግጦሹ ሲያልቅ ፈተው ተሸክመው ይሄዳሉ። የእህሉ ጎተራ ግን እንጨት ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። ለምን እንደሆነ ጠይቁ፣ ወሬው የሚጀመረው እዚያ ጋ ነው።

ዴልታውን ራሱን ማየት የፈለገ ሰው ወደ ታች በሞተር ጀልባ መውረድ አለበት። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ፣ ነዳጁ ማን ላይ እንደሆነም ጭምር፣ ምክንያቱም እኔን መሃል መንገድ ላይ «ነዳጅ አለቀ፣ ጨምር» ያለኝ አለ። ጎህ ሲቀድ ውጡ። ፔሊካኑ፣ ጉማሬው፣ ዓሣ በል ንስሩ ፀሐይ ሳይበረታ ነው የሚታየው። ሸንበቆው መሃል መረብ የሚጥሉ ዓሣ አጥማጆች ታገኛላችሁ። ዳሰነቾች ዘንድ ክብሩ ከብት ነው፤ ከብቱ ያለቀበት ሰው ነው ወደ ዓሣ የሚወርደው። ስለዚህ «ዓሣ አጥማጅ ነህ?» ብላችሁ ዘው አትበሉ፣ ጥያቄው ቁስል ሊነካ ይችላል።

መታወቂያ ያዙ፣ ድንበር ነው። ጥሬ ብርም ያዙ፣ ዘርዝራችሁ። ውሃ ካሰባችሁት እጥፍ።

ማደሩን ደግሞ ኦሞራቴ እደሩ። ቅንጦት አትጠብቁ። ሙቀቱ ክፍል ውስጥ አያስተኛም፣ «ፍራሹን ደጅ አውጡልኝ» በሉ፣ ያወጡላችኋል። አጎበሩን ግን አብራችሁ አውጡት።