አረንጓዴ የለበሰ ውሃ ሳይኖባክቴሪያ እንዳለበት እንዴት መለየት ይቻላል?

በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ሐይቅ በተወሰኑ ወቅቶች ማይክሮሲስቲስ በተባለ ሳይኖባክቴሪያ ይሸፈናል። ይህ ፍጥረት ጉበትን የሚጎዳ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል፣ ከእንዲህ ዓይነት ውሃ የሚቀዳና ከብቱን የሚያጠጣ ሰው የሚያየውን አረንጓዴ ነገር ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል። ሳይኖባክቴሪያ በልማድ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ቢባልም፣ ኒውክለስ (የሕዋስ አስኳል) የሌለው ባክቴሪያ ነው፤ ሆኖም እንደ ዕፅዋት በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ያዘጋጃል፣ ኦክስጅንም ይለቃል።

መጀመሪያ ነፋስ ወደሚገፋበት ዳርቻ ሄደው ይመልከቱ። ውሃው ላይ ቀለም የፈሰሰ ከመሰለ፣ በተለይም በዳርቻው የሚሞተው ክምችት ወደ ሰማያዊ ካደላ፣ ጥርጣሬው ከፍተኛ ነው፤ ሰማያዊው የሚመጣው ሕዋሳቱ ሲፈርሱ ከሚለቁት ፋይኮሳያኒን ከተባለው ቀለም ነው። ከዚያም ረጅም እንጨት ነክረው ያውጡ። እንደ ፀጉር የረዘመ ክር ከተንጠለጠለ ሌላ ዓይነት አልጌ ሳይሆን አይቀርም፤ ሥርና ቅጠል ያላቸው ጥቃቅን ተንሳፋፊዎች ደግሞ ዕፅዋት ናቸው። እንጨቱ ቀለም የተቀባ መስሎ ከወጣ ግን ወደሚቀጥለው ፈተና ይለፉ።

ጓንት አድርገው በንጹሕ ግልጽ ጠርሙስ ሦስት አራተኛ ያህል ውሃ ይቅዱ፤ ጋዝ ሊጠራቀም ስለሚችል ክዳኑን አጥብቀው አይዝጉት። ሳይነቀነቅ በጥላ ሥር ይደር። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተሰብስቦ ከታች ያለው ውሃ ጠርቶ ከተገኘ፣ ሳይኖባክቴሪያ የመሆኑ ጥርጣሬ ይበረታል፤ ብዙ ሳይኖባክቴሪያዎች በሕዋሳቸው ውስጥ ጋዝ የያዙ ጥቃቅን ክፍሎች ስላሏቸው ይንሳፈፋሉ። አረንጓዴው ከታች ቢረጋ ብዙውን ጊዜ ሌላ አልጌ ነው፤ ነገር ግን የማይንሳፈፉ ሳይኖባክቴሪያዎችም ስላሉ ይህ ፈተና ብቻውን ውሃውን ነጻ አያወጣውም።

ማይክሮስኮፕ ያለው ሰው አንድ ጠብታ በስላይድ ላይ አድርጎ በ400 እጥፍ ቢያይ የተሻለ ያውቃል። ማይክሮሲስቲስ በዝልግልግ ነገር ውስጥ የተጨናነቁ ክብ ሕዋሳት ስብስብ ሆኖ ይታያል። ዶሊኮስፐርመም እንደ መቁጠሪያ የተሰካ ሰንሰለት ሲሆን፣ በመካከሉ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ለየት ያሉ ሕዋሳት የአየርን ናይትሮጅን ይለውጣሉ። በቢሾፍቱ አቅራቢያ በሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ የሚታወቀው አርትሮስፓይራ ደግሞ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፤ ስፒሩሊና እየተባለ ለምግብ የሚሸጠውም ከዚህ ወገን ነው።

ማይክሮስኮፕ መርዝን አያሳይም። በአንድ ሐይቅ ውስጥ መርዝ የሚያመነጩና የማያመነጩ የማይክሮሲስቲስ ዘሮች ጎን ለጎን ሊኖሩ ይችላሉና፣ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ድረስ ውሃውን መርዛማ አድርጎ መያዝ ይገባል። ማፍላት ማይክሮሲስቲንን አያጠፋም፤ እንዲያውም ሕዋሳቱን አፍርሶ መርዙን ወደ ውሃው ይለቃል። ይህንን አጥብቄ የምናገረው፣ የፈላ ውሃ ሁሉ ደኅና ነው የሚለው እምነት እዚህ ላይ ሰውን ሊጎዳ ስለሚችል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውሃ ያስቀመጠው መጠን ማይክሮሲስቲን ኤልአር ለተባለው የዚህ መርዝ ዓይነት በሊትር 1 ማይክሮግራም ብቻ ነው።

ከብቶች አረንጓዴው ከተከማቸበት ዳርቻ ይራቁ፤ ዓሣም ከተያዘ ጉበቱና የሆድ ዕቃው ተወግዶ ሥጋው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ለላቦራቶሪ የሚላከው ናሙና ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበት ከብርሃን ተጠብቆ በቀዝቃዛ ዕቃ በዚያው ዕለት ይድረስ።